የቀኙ ጎማ

ካቻቢቴን በመዝገብ ስሙ የሚጠራው ሰው የለም። መካኒክ ነው፤ ከቤት ሲወጣ የደረት ኪሱ ውስጥ ካቻቢቴ፣ ማለትም ብሎን መፍቻ፣ ካልሰካ ራቁቱን የወጣ ይመስለዋል። የሠርጋቸው ፎቶ ላይ እንኳ፣ ሌላው ሙሽራ አበባ በሚያደርግበት ቦታ፣ የዚህ ሰው ካቻቢቴ ብቅ ብላ ትታያለች። ሚስቱ ፎቶውን ለእንግዳ ስታሳይ ጣቷን እዚያ ላይ ታደርግና፣ «ሁለት ሆነን ነው ያገባነው፤ እኔና ይቺ» ትላለች።

ሚስቱ ደግሞ ሹፌሯ ናት። ከተማው ውስጥ ሹፌር ሞልቷል፣ ሴት ሹፌርም አልጠፋም። «ሹፌሯ» ከተባለ ግን እሷ ናት፤ የትኛዋ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የጤና ቢሮውን የክትባት መኪና ይዛ ከዳገቱ በላይ ወዳሉት ሦስት ጤና ጣቢያዎች ስትመላለስ ነው ፀጉሯ የሸበተው። ክትባቱ በበረዶ ሳጥን ታሽጎ፣ ሳይሞቅ መድረስ አለበት። እዚያ ላይ እናቶች ሕፃናታቸውን ታቅፈው ይጠብቃሉ። እሷ ከቀረች ይመለሳሉ፤ ሁለተኛ ይመጡ እንደሆነም እንጃ።

ካቻቢቴ ስለ ሚስቱ አነዳድ ማውራት ከጀመረ ጋራዡ ውስጥ ሥራ ይቆማል። ደንበኛ ቢቸኩል የራሱ ጉዳይ ነው። «ስትነዳ አይታችኋታል? ፍሬን አታበዛም። መንገዱን ቀድማ ታየዋለች። ያ ዳገት አለ አይደል፣ ስንቱ ጎረምሳ አማትቦ የሚወጣው? እሷ ወሬ እያወራች ነው የምትወጣው። ፍርሃት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም» ይላል፣ አፉን ሞልቶ። ይኼንኑ ፊቷም ላይ ይደግመዋል። እሷም «ወሬህን ተውና ራዲያተሩን እይልኝ» ብላው ትገባለች።

አፉን ሞልቶ የማይናገረው አንድ ነገር ግን አለ። እሱ ራሱ ይፈራል። ዝናብ ከጀመረ ሰዉ «ሳሙናው» የሚለው ያ ዳገት፣ ስሙ እንደሚናገረው ሳሙና ይሆናል። በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በአንድ በኩል ገደል፣ መሐሉ ላይ ቀይ ጭቃ። እሷ በወጣች ቀን ካቻቢቴ እጁ ሞተር ውስጥ ሆኖ ጆሮው መንገድ ላይ ነው። የመኪናዋን ድምፅ እስኪሰማ አንዱን ብሎን አሥር ጊዜ ይፈታል፣ አሥር ጊዜ ያስራል። ሰምቶ ሲያበቃ ደግሞ፣ ምንም እንዳልነበረ፣ «መጣሽ እንዴ?» ይላታል። ለዓለም ሁሉ አትፈራም ብሎ ያወጀላትን ሴት እንዴት ብሎ ፈራሁልሽ ይበላት?

ባለፈው የዝናብ ወራት መኪናዋ ሁለት ጊዜ ከዳቻት። መኪናዋን «አሮጊቷ» ነው የሚሏት፤ ጤና ቢሮው ከማን እንደተረከባት የሚያስታውስ ሰው የለም። ፎር ዊል ናት፤ በአራቱም ጎማ ትጎትታለች ማለት ነው፣ ደስ ካላት። የእያንዳንዱ የፊት ጎማ እምብርት ላይ፣ ከክዳኑ ሥር፣ ጎማውን ከሚያዞረው ዘንግ ጋር የሚያያይዝ መቆለፊያ አለ። አሮጊቷ ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው በራሱ የሚቆልፍ ነው። ሹፌሩ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ የፎር ዊሉን ማርሽ ይስባል፣ መቆለፊያውም ይይዛል ተብሎ ይታመናል። ግን ይኼ ዕቃ ጠባዩ የልጅ ነው። ጭቃ ላይ መኪናዋ ትንሽ ወደ ኋላ ከተንሸራተተች፣ ወይም ቁልቁለት ላይ እግር ከነዳጅ ከተነሳ፣ ለቀቅ ያደርጋል። አራት ጎማ አለኝ ብሎ የወረደ ሰው በሁለት ይቀራል። አንደኛው ቀን ዳገቱ ላይ ተቀርቅራ ቀረች። ሁለተኛው ቀን ስትወርድ ተንሸራታ፣ ደግነቱ በግድግዳው በኩል፣ ቦይ ውስጥ ገባች። በገደሉ በኩል ቢሆንስ? ካቻቢቴ ይኼን ጥያቄ ለማንም አላነሳውም፤ ከራሱም አልወጣለትም።

ከዚያ የጤና ቢሮው ኃላፊ መጣ። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚናገረውን ነገር ሁሉ «በጥንቃቄ» በሚል ቃል ስለሚዘጋው ቢሮው በሙሉ «በጥንቃቄ» ብሎ ነው የሚጠራው፣ እሱ በሌለበት። ወንበር ሳብ አድርጎ ተቀመጠና ለሹፌሯ ነገራት። የዳገቱ መንገድ ቢሮው ለሚያመጣው አዲስ መኪናና ለሌላ ሹፌር ሊሰጥ ነው። እሷ ከተማ ውስጥ፣ ከቢሮ ቢሮ፣ ደብዳቤ ታመላልሳለች። «ለእርስዎም እፎይታ ነው፤ እንግዲህ ቀሪውን ጊዜ በጥንቃቄ» አላት።

ሹፌሯ ሰው ፊት የምታለቅስ ሴት አይደለችም። «መኪናዋ እምቢ አለች እንጂ እኔ እምቢ አላልኩም። መኪናዋ ብትስተካከልስ?» አለችው። «በጥንቃቄ» አገጩን አሻሸ። በመጨረሻ፣ ዝናቡ እንደጀመረ፣ ጭቃው ጭቃ በሆነ ቀን፣ አብሯት ወጥቶ ሊያይ ተስማማ። ከወጣች መንገዱ የእሷ ነው። ካልወጣች ደብዳቤ።

ያን ዕለት ከሥራ መጥታ አሮጊቷን ጋራዡ ግቢ ውስጥ አቆመቻት፣ ግን አልወረደችም። ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ ተቀምጣ ቀረች። ካቻቢቴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መስኮቱ ጋ ሄደ። ነገሩን ሁሉ ነገረችው።

«ደብዳቤ አላለኝም መሰለህ?» አለች። «ደብዳቤ።»

«ሰምቻለሁ።»

«አንተ የምታውቀው ነገር ነው። ይኼ መቆለፊያ ይስተካከላል ወይስ አይስተካከልም?»

አሁን ወደ ፈተናው መጣን። የተዳረችው ልጃቸው ከሄደችበት ከተማ በስልክ ስንት ጊዜ ለምናዋለች፦ «አባዬ፣ አንተ አይሆንም ካልካት ታምንሃለች። እባክህ ትቅርልን።» አንዲት ቃል ናት። «አይሆንም» ቢል፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ እሱም እንደ ሰው ሥራውን በሰላም ይሠራል፣ እሷም ከአስፋልት አትወጣም። ማን ይጠይቀዋል? ከእሱ በላይ መኪና አውቃለሁ የሚል በአካባቢው የለም። ካቻቢቴ አፉን ለ«አይሆንም» ከፈተ። የወጣው ግን ሌላ ነው፤ ሙያው ቀደመው።

«በራሱ የሚቆልፈውን አውልቆ በእጅ የሚቆለፈውን መግጠም ነው» አለ። «እዚያ ጥግ የቆመችው የሞተች መኪና ላይ ደህና ጥንድ አለ። ከመኪና እየወረድሽ በእጅሽ ታዞሪዋለሽ። አንዴ ከያዘ ግን ራስሽ ካልፈታሽው ሰማይ ቢወድቅ አይለቅም።»

ከተናገረው በኋላ ራሱን ሊረግም ምንም አልቀረው። እሷ ግን ከመኪናዋ ወርዳ እጅጌዋን መጠቅለል ጀምራ ነበር።

የካቻቢቴ ጋራዥ አንድ ሕግ አላት፤ እዚያ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቃታል። አንድ ጎማ የአንድ ሰው ነው። ያሰረው ሰው ይፈታዋል፣ ያሰረው ሰው ያጠብቀዋል፣ ሌላ እጅ አይነካውም። ሁለት ሰው የነካው ብሎን «አንተ አጥብቀኸዋል ብዬ» «አንተ አጥብቀኸዋል ብዬ» ሲባባሉበት መንገድ ላይ ወልቆ ይቀራል ባይ ነው። ሕጉን ያወጣው ወጣት ሳለ፣ እንዲህ ሲባባሉ አንድ ጎማ ሲያመልጥ በዓይኑ ካየ በኋላ ነው። ስለዚህ ሥራ ሲያስተምርም እንዲሁ ነው። አንዱን ጎማ እሱ ሠርቶ ያሳያል፣ ሌላውን ተማሪው ብቻውን ይሠራል፣ እሱም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል።

«የቀኙ የኔ ነው» አላት። «የግራው ያንቺ። እያየሽ።»

ቀኙን በክሪክ አነሳና ጎማውን አወለቀ። የክዳኑን ብሎኖች ፈታ፣ ከዘንጉ ጫፍ ላይ ቀለበቱን በፒንሳ ከፍቶ አወጣ፣ ያን አመለኛ መቆለፊያ መንጭቆ ጨርቅ ላይ ጣለው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አዲሱን መቆለፊያ ዝም ብሎ ገጥሞ ይሄዳል። ካቻቢቴ ግን ጎማው የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ የሚያጠብቀውን ብሎን መሳይ ዳዶ ጭምር ቀየረው። አሮጌው ዳዶ ለአሮጌው መቆለፊያ የተሠራ ነውና፣ ከአዲሱ ጋር አይጋቡም። ኩሽኔታዎቹን በነዳጅ አጥቦ፣ አድርቆ፣ በመዳፉ ውስጥ ማለስለሻውን ግራሶ እየጨመቀ እያንዳንዷ ኳስ መሐል እስኪገባ አጎረሳቸው። ከዚያ ዳዶውን አጥብቆ፣ መልሶ ላላ አድርጎ፣ እንደገና ለክቶ ያዘው። የአዲሱን መቆለፊያ አካል ገጠመ፣ ቀለበቱን መለሰ፣ ክዳኑን አሰረ። ክዳኑ መሐል ላይ በጣት የሚዞር አውራ ጣት የሚያህል ቁልፍ አለ። በአንድ በኩል ክፍት፣ በአንድ በኩል ዝግ።

«ጨርሻለሁ። ያንቺ ተራ» አለና እጁን ወደ ኋላ አጣመረ።

እሱ እንኳ ስህተት ሊለቅምላት ነበር የቆመው። እውነቱን እንናገር፣ ትንሽ ብትሳሳት ደስ የሚለው ቦታ ልቡ ውስጥ ነበረ። ሹፌሯ ግን አልቸኮለችም። ያወለቀችውን ሁሉ በወጣበት ተራ ጨርቁ ላይ ደረደረችው። ኩሽኔታውን ስታጎርስ አንዷን ቦታ አልዘለለችም። ዳዶውን አጥብቃ ላላ ካደረገች በኋላ ግን ቆም አለች። ጎማ ማሰሪያውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅነቅ አደረገችው፣ ከዚያ በቀስታ አዞረችው። እንደገና ዳዶውን ፀጉር በምታህል አጠበቀች። እንደገና ዓይኗን ጨፈነች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ካቻቢቴ።

«ዝም በል፣ እየሰማሁ ነው። ይኼ ሲላላ መሪው ላይ እጄን እንዴት እንደሚያሳክከኝ አውቀዋለሁ። ያ እስኪጠፋ ነው የማጠብቀው።»

ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ዳዶ ከውጭ ሲያጠብቅ የኖረ ነው። እሷ ከመሪው ጀምራ፣ ከውስጥ፣ ወደ ዳዶው መጣች። ስትጨርስ ሄዶ በሁለት እጁ ጎማዋን ያዘና ሳይነቀንቀው ተወው፤ ሕጉ ትዝ ብሎት ነው። ላላ ሊል እንደማይችል ግን አወቀ። የሱ ቀኝ ጎማ ጥሩ ሥራ ነበር። የእሷ ግራ ከእሱ ይሻል ነበር። «ይኼ ከኔ ይበልጣል» አላት፣ ግልጹን። እሷም የተቀባችውን ግራሶ አፍንጫው ላይ አስነካችውና ሳቀች። ያን ቀን በጣም ወደዳት። ዝናብ ባይመጣ ብሎ የተመኘውም ያኔውኑ ነው።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ መጨረሻ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ የታረሰ ሜዳ ላይ ተለማመዱ። እሷ ነጂ፣ እሱ ጎኗ። ሜዳው ጫፍ ሲደርሱ ትቆማለች፣ ሁለቱም በየበራቸው ይወርዳሉ። እሷ የግራውን ትቆልፋለች፣ እሱ የቀኙን። ግጭ፣ ግጭ። ተመልሰው ይገባሉ፣ ማርሽ ትስባለች፣ አሮጊቷ አፈሩን እየገመሰች ትሄዳለች። ሲመለሱ ሁለቱም ይወርዳሉ፣ እሷ የግራውን ትፈታለች፣ እሱ የቀኙን። አንድ ጎማ የአንድ ሰው ነው። እንደ ዳንስ ሆነላቸው፣ መነጋገርም ተውት። ይኼ ልማድ ምን ጣጣ እንደሚያመጣ ከሁለቱ አንዳቸውም አላሰቡትም።

ዝናቡ መጣ። ሳሙናው ሳሙና ሆነ። «በጥንቃቄ» ቦት ጫማውን አጥልቆ፣ ጃንጥላውን ይዞ፣ በጠዋት ጋራዡ በር ላይ ተገኘ።

«እንግዲህ ሥራ ላይ ብቻዎን ነው የሚሄዱት» አላት ሹፌሯን። «ስለዚህ ብቻዎን ያሳዩኛል።» ወደ ካቻቢቴ ዞረ። «እርስዎ ከፈለጉ ከኋላ ሆነው ሳጥኖቹን ይያዙ። እጅዎን ግን አያስገቡም፣ አፍዎንም። በጥንቃቄ።»

«በጥንቃቄ» የፊቱን ወንበር፣ የካቻቢቴን ወንበር፣ ያዘ። ካቻቢቴ ከኋላ ክፍቱ የጭነት ቦታ ላይ ወጥቶ የብረቱን መያዣ ጨብጦ ቆመ። በገዛ እጁ በሠራት መኪና ላይ ጭነት ሆነ ማለት ነው። ዝናቡ ቆም ብሎ ነበር፤ መንገዱ ግን ያብለጨልጫል።

ሳሙናው ግርጌ ሲደርሱ ሹፌሯ አቆመች። በሯን ከፍታ ወረደች። ካቻቢቴ ከላይ ሆኖ ያያታል። ወደ ግራው ጎማ ጎንበስ አለች፣ ቁልፉን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ይዛ አዞረች። ግጭ። ቀና አለች፣ እጇን ጠረገች፣ ተመልሳ ገባች። በሩን ዘጋች።

ካቻቢቴ የቀኙን ጎማ አየ። ቁልፉ ክፍት ላይ ነበር።

አንዱ ከተቆለፈና አንዱ ከተከፈተ የፊቱ ጎማ እንዳልተቆለፈ ነው። ጉልበቱ ሁሉ በተከፈተው በኩል ያለ ሥራ ይፈሳል፤ የተቆለፈው ቆሞ ያያል። ይኼን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የመኪናዋን ጣሪያ በመዳፉ አንዴ ቢመታ በቂ ነው። እሷ ነቅታ ትወርዳለች። እጁ ተነሳ። ከዚያ እዚያው አየር ላይ ቀረ። አታስገባ ተብያለሁ፣ አለ በልቡ። ብነካው ረዳት ያስፈልጋታል ይላል፣ መንገዱን ይነጥቋታል፣ አለ። እነዚህ ሁለቱም እውነት ናቸው። ግን ከሁለቱ ሥር ሌላ አለ፣ ካቻቢቴም ያውቀዋል። አትውጣ። ዛሬ ትቅር፣ ይለፋት፣ ለዘላለም ትቅርልኝ። እጁን መለሰና ብረቱን ጨበጠ። የቀኙ ጎማ የማን እንደሆነ ዘንግቶት አይደለም።

አሮጊቷ ተነሳች። መጀመሪያውን ወጣች፣ እስከ መታጠፊያው ድረስ። እዚያ የኋላ ጎማዎቹ ጭቃውን እየተፉ ባዶ መዞር ጀመሩ፣ ፊቷ ግን አልጎተተም። መኪናዋ ቆመች፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ካቻቢቴ ብረቱን በሁለት እጁ ያዘ። ሹፌሯ ፍሬኑን ሳትደነግጥ ቀስ አድርጋ ያዘች፣ መሪውን ወደ ግድግዳው በኩል ሰበር አደረገች፣ አሮጊቷም ተረጋጋች።

«እንግዲህ አየነው» አለ «በጥንቃቄ»፣ ድምፁ ሳስቶ። «እንመለስ፣ በጥንቃቄ።»

«አንድ ጊዜ ይታገሱኝ» አለች።

ካቻቢቴ በኋላው መስኮት የራሷን ጀርባ ብቻ ነው የሚያየው። አልተንቀሳቀሰችም። አልተሳደበችም። ከዚያ አንገቷን በግራ መስኮት አወጣች፣ ፍሪሲዮኑን ለአንድ አፍታ ነካ አድርጋ ለቀቀች፣ የራሷን ጎማ አየችው። አልዞረም። በገዛ እጇ የቆለፈችው ጎማ አልዞረም። ካቻቢቴ እያሰበች መሆኗን ከትከሻዋ አወቀ። ሌላ ሰው ቢሆን ይኼኔ ነዳጅ ረግጦ ጭቃውን ያስተፋዋል፣ ወይም መኪናዋ ተበላሽታለች ብሎ ይወርዳል። እሷ ተቀምጣ ጉልበቱ የት እንደሄደ ተከተለችው፤ ከሞተሩ ጀምራ፣ ካምቢዮውን አልፋ፣ ጉልበቱን ለሁለቱ ጎማ የሚያካፍለው የፊቱ ዲፈረንሻል ላይ ደርሳ፣ ወደ ግራ አይታ፣ ወደ ቀኝ ዞረች።

በሯን ከፈተች። የእጅ ፍሬኑን ስባ፣ ከአፋፉ ያገኘችውን ድንጋይ ከኋላ ጎማው ሥር ወሸቀች፣ በመኪናዋ አፍንጫ በኩል እስከ ቁርጭምጭሚቷ እየሰመጠች ዞረች፣ ቀኙ ጎማ ላይ ደረሰች። ጎንበስ አለች። ለአፍታ ሳትነካው ቆየች፤ የሌላ ሰው ጎማ ነዋ። ከዚያ ጭቃውን በመዳፏ ጠረገችና አዞረችው። ግጭ።

ቀና ስትል ከላይ ቆሞ ያንኑ ጎማ የሚያይ ባሏን አገኘችው። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ካቻቢቴ ፊቱን የሚያደርስበት አጣ። እሷ ድንጋዩን አውጥታ ተመልሳ ገባች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ካቻቢቴ ዛሬም ሲያወራው እጁ እየተንቀሳቀሰ ነው። አሮጊቷ ወጣች። በሩጫ አይደለም፣ በጉልበትም አይደለም። አራቱም ጎማ ያዙ፣ ሞተሩ ድምፁን ሳይጨምር፣ አንድ ወጥ ሆኖ፣ ጭቃውን እያኘከ። መታጠፊያው ላይ መሪውን በጣቷ ቆጥባ አዞረችው፣ ገደሉ አጠገብ ጎማው የመንገዱን ጫፍ ሳይነካ አለፈ። እሱ ከኋላ ሆኖ ሳጥኖቹን አቅፎ፣ አንዴ ገደሉን፣ አንዴ የእሷን ጀርባ ያይ ነበር። እንዲህ ያለች ሰው ናት ደብዳቤ ልታመላልስ የነበረችው። እሱ ነው ሊያስቀራት የነበረው።

ላይ ጤና ጣቢያው ጋ ሲደርሱ «በጥንቃቄ» ከመኪናው ወርዶ መሬቱን በቦት ጫማው መታ መታ አደረገ፣ መኖሩን እንደሚያረጋግጥ። «መንገዱ የእርስዎ ነው። እኔ ግን ስመለስ በእግሬ ብወርድ ደስ ይለኛል» አለና ነርሷን ሊያነጋግር ገባ። ለመጀመሪያ ጊዜ በጥንቃቄ ማለቱን ረሳው።

ሁለቱ መኪናዋ አጠገብ ቀሩ። ሳጥኖቹ ገብተዋል። እናቶቹ ቆርቆሮው ሥር ተራ ይዘው ተቀምጠዋል፣ አንድ ሕፃን መርፌውን ቀምሶ ያለቅሳል። ሹፌሯ እጇን በጨርቅ ትጠርጋለች፤ ከጠራ በኋላም መጥረጓን አላቆመችም።

«አይተኸኝ ነበር» አለች።

«አይቼሽ ነበር።»

«እሱ እጅህን አታስገባ ስላለህ ነው ዝም ያልከው?»

መውጫውን እሷው ራሷ ከፍታ ሰጠችው። አዎ ቢል አለቀ፤ እሷም ታምነዋለች። ካቻቢቴ ግን ዛሬ ሁለተኛ ውሸት የሚሸከም ትከሻ አልነበረውም።

«አይደለም» አለ። «እንድትቀሪ ፈልጌ ነው።»

ጨርቁን ጣለችው። «የራስህ ጎማ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ሌላ ሰው እንዲህ ቢያደርግ ጋራዥህን ሁለተኛ አይረግጣትም።»

«አይረግጣትም።» ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። «እፈራለሁ። እዚህ ዳገት ላይ በወጣሽ ቁጥር እፈራለሁ። ድምፅሽን እስክሰማ ምግብ አይወርድልኝም። ለሰው ስለ አንቺ የማወራውን ታውቂዋለሽ። እንዴት ብዬ ልንገርሽ? አፈርኩ።»

ሹፌሯ የአሮጊቷ የፊት መከላከያ ብረት ላይ ቁጭ አለች፣ እሱንም እጅጌውን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችው። ቁጣዋ አልበረደም፣ ፊቷ ላይ አለ። ስትናገር ግን ድምፅዋ ሌላ ሆኖ ወጣ።

«እኔ የማልፈራ መስሎህ ነው?»

ካቻቢቴ ዞሮ አያት።

«ሳሙናው ግርጌ ስደርስ ሁልጊዜ እወርዳለሁ» አለች። «ይኼ መቆለፊያ ከመምጣቱ በፊትም። ጎማ የማይ መስዬ። ጎማው ምንም የለውም፤ ጉልበቴ ነው የሚከዳኝ። እስኪመለስልኝ እቆማለሁ። ባለፈው ቦይ ውስጥ የገባሁ ቀን መሪውን ከእጄ ማላቀቅ አቅቶኝ ነበር። ጣቶቼ እምቢ አሉ። አንድ በአንድ ነው የፈታኋቸው።»

«አልነገርሽኝም።»

«መቼ ልንገርህ? ጋራዥ ስገባ ‹ፍርሃት አልፈጠረባትም› እያልክ ሰው ሰብስበህ አገኝሃለሁ። ያንን ሁሉ ሰው አፍ አስከፍተህ፣ እኔ መጥቼ ዛሬ ተንቀጠቀጥኩ ልበልህ? ያችን የምታወራላትን ሴትዮ እኔም ወደድኳት። ላሳፍራት አልፈለግሁም።»

ካቻቢቴ ያን ያህል ዓመት በእሷ ሲኮራ የኖረው በሌላት ነገር ነበር። የማትፈራ ሴት ዳገት ብትወጣ ምን ይደንቃል? ያደነቀው ቀላሉን ነው። ጉልበቷ እየከዳት፣ ጣቷ መሪው ላይ እየደረቀ፣ ለማን እንደምትነግር ሳታውቅ የወጣችውን ሴት አንድ ቀን አላያትም፤ እንዳያያትም ያደረገው የራሱ አፍ ነው። አለቀሰ እንበል፤ እሱ ዝናብ ነው ይላል፣ ዝናቡ ግን ቆሞ ነበር።

«እየፈራሽ ለምንድን ነው ታዲያ የምትሄጂው?» አለ።

«መፍራትና መሄድን ምን አገናኛቸው?» አለችና ተነሳች። «ሰኞ ብቻዬን ነኝ። ስወጣ አትፈሪም እያልክ አትሸኘኝ። ይኼን ደግመህ እንዳታደርግብኝ፣ እውነቱን ንገረኝ።»

ሰኞ ከንጋት ጀምሮ ይዘንብ ነበር። ካቻቢቴ ሳጥኖቹን ጫነላት፣ ዘይቱን አየ፣ ሁለቱንም የፊት ጎማዎች ሳይነካ አለፋቸው። ሞተሩ ተነሳ። መስኮቷ ጋ ቆመ፣ ዝናቡ በፊቱ ላይ እየወረደ። የጋራዡ ሰዎች ሁሉ በር ላይ ቆመው የተለመደውን ወሬውን ይጠብቃሉ።

«ፈርቻለሁ» አላት፣ ሁሉም እየሰሙት።

ሹፌሯ እጇን አውጥታ እጁን ጨበጠችው።

«እኔም» አለችው፣ ማርሽ አስገባችና ሄደች።